የእስማኤል ፓሻ ዕዳ

እስማኤል ፓሻ የግብፅን አገዛዝ በ1863 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ሲይዝ፣ አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ስለ ነበረች የግብፅ ጥጥ በውድ ይሸጥ ነበር። የአውሮፓ ባለገንዘቦችም ይህን አይተው ሳይሰስቱ አበደሩት። ጦርነቱ በ1865 ዓ.ም. ሲያልቅ የጥጡ ዋጋ ወረደ፤ ብድሩ ግን አልቆመም።

አበዳሪ ሲፈራ ፍርሃቱ አስቀድሞ የሚታየው በዕዳው ወረቀት፣ ማለት በቦንዱ ዋጋ ላይ ነው። መቶ ፓውንድ ተብሎ የተጻፈበት ቦንድ ከመቶ በታች ይሸጣል፤ ተበዳሪው ግን ወለዱን የሚያስበው፣ ዋናውንም የሚመልሰው በመቶው ልክ ነው። ግብፅ በ1873 ዓ.ም. የፈረመችው ብድር በወረቀት 32 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፣ የደረሳት ከ21 ሚሊዮን ያነሰ ነበረ፤ ከዚያም ከፊሉ የራስዋ የቀድሞ ዕዳ ወረቀት ነው። ይህን ብድር ብሎ መጥራት ያስቸግራል።

በኦክቶበር 1875 የቱርክ መንግሥት ወለዱን በሙሉ መክፈል እንደማይችል ሲያስታውቅ፣ ፍርሃቱ ወደ ግብፅ ቦንዶች ተዛመተ። በኖቬምበር እስማኤል የስዌዝ ቦይ አክሲዮኑን ለእንግሊዝ መንግሥት በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጠ። በዚያው ወር ጦሩ ጉንደት ላይ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ፤ በማርች 1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ ድል ተመታ። ዘመቻው በባዶው ግምጃ ቤት ላይ ሌላ ወጪ ጨመረበት።

በኤፕሪል ክፍያው ቆመ። በሜይ አበዳሪዎችን የሚወክል የዕዳ ገንዘብ ቤት ካይሮ ላይ ተቋቁሞ፣ ከገበሬው የሚሰበሰበው ግብር ከፊሉ በቀጥታ ወደዚያ ይገባ ጀመር። እስማኤል በ1879 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሣይ ግፊት ተሻረ፤ በ1882 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አገሪቱን ያዘ። የዕዳው ገንዘብ ቤት የተዘጋው በ1940 ዓ.ም. ነው።