ስለ ትምባሆ የመጽሔትና የጋዜጣ ምስክርነት

ደዌ በሕዝብ መካከል ከየት እንደሚነሣ፥ ማንን እንደሚይዝ ማንንስ እንደሚተው የሚመረምር ጥበብ ዋና መሣሪያው ቍጥር ነው። የዚህ ጥበብ ፍሬ በሁለት ቦታ ይነበባል፤ አንደኛው ሊቃውንት ለሊቃውንት የሚያሳትሙት መጽሔት፥ ሁለተኛው ሕዝብ ሁሉ የሚያነበው ጋዜጣ ነው። መጽሔቱ ስንት ሰው እንደ ተጠየቀ፥ ማን ከማን ጋር እንደ ተነጻጸረ፥ ስሕተትም በየት በኩል ሊገባ እንደሚችል ይዘረዝራል። ጋዜጣው ግን ቦታው ጠባብ፥ ጊዜውም አጭር ስለ ሆነ ፍርዱን ብቻ ያወጣል። ነገሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ምን እንደሚጐድል ምንስ እንደሚጨመር ለማወቅ የትምባሆን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር በ20ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ በሳንባ ካንሰር የሚሞተው ሰው እጅግ እየበዛ ሄደ። አንዳንዱ ከአውቶሞቢል ጢስ ነው ይል ነበር፤ አንዳንዱም በመንገድ ከሚነጠፈው ሬንጅ ነው ይል ነበር። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ግን ከመገመት መጠየቅ ይሻላል ብለው በሎንዶን ሐኪም ቤቶች የተኙትን 709 የሳንባ ካንሰር ሕሙማን አስጠየቁ። በጾታና በዕድሜ የሚመስሏቸውን፥ ነገር ግን በሌላ ደዌ የተያዙትን 709 ሰዎች ደግሞ እንዲሁ አስጠየቁ። ካንሰር ከያዛቸው 649 ወንዶች ትምባሆ አጭሰው የማያውቁት 2 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ በሌላው ወገን ካሉት 649 ወንዶች ግን የማያጨሱት 27 ነበሩ። ይህንንም በመስከረም 1950 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አወጡት። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት በዚያ አገር የተደረገ ተመሳሳይ ምርመራ አትሞ ነበር።

የጽሑፋቸው ጠባይ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ሕሙማኑ ያለፈውን ሲያስታውሱ ተሳስተው እንደ ሆነ፥ ጠያቂዎቹም አድልተው እንደ ሆነ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው መልሰዋል። በዚህም አልበቃቸውም፤ በ1951 ለብሪታንያ ሐኪሞች ሁሉ ደብዳቤ ልከው ከ40 ሺህ የሚበልጡት መልስ ስለ ሰጧቸው፥ ማን እንደሚያጨስና ማን በምን ደዌ እንደሚሞት ዓመት ቈጥረው ይከታተሉ ጀመር። የሊቅ ጥርጣሬ እንዲህ ያለ ነው፤ ወደ ሌላ ምርመራ ይመራል እንጂ ተዘልሎ አያስቀምጥም።

ይሁን እንጂ መጽሔቱን የሚያነብ ጥቂት ነበር። ነገሩን ወደ ብዙ ቤት ካደረሱት አንዱ በታኅሣሥ 1952 ሪደርስ ዳይጀስት ያወጣው ሁለት ገጽ ያህል ጽሑፍ ነው። ጽሑፉም ክርስቲያን ሄራልድ ከሚባል መንፈሳዊ መጽሔት አጥሮ የተወሰደ ነበር። ሪደርስ ዳይጀስት በዚያ ዘመን በአሜሪካ በአንባቢዎቹ ገንዘብ ይኖር ነበር እንጂ ማስታወቂያ አይቀበልም ነበር። ብዙዎቹ ጋዜጦች ግን ከሲጃራ ማስታወቂያ ብዙ ገንዘብ ያገኙ ነበር። መጽሔቶቹም ከዚህ ነቀፋ ንጹሓን አልነበሩም፤ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ራሱ እስከ 1953 ድረስ የሲጃራ ማስታወቂያ ያትም ነበር።

የትምባሆ ኩባንያዎች ነገሩ እንዳልቀና ባዩ ጊዜ መክረው፥ ጥር 4 ቀን 1954 ከ400 በሚበልጡ የአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ገንዘብ ከፍለው አንድ ቃል አሳተሙ። ቃሉም የካንሰር ምክንያት ብዙ ሊሆን እንደሚችል፥ ሊቃውንቱ እንዳልተስማሙ፥ እነርሱ ራሳቸውም መርማሪ ጉባኤ እንደሚያቆሙ የሚናገር ነበር። ሊቃውንቱ ለምርመራ የያዙትን ጥርጣሬ ነጋዴዎቹ ለሽያጭ አወጡት። በሚከተለው ወር የእንግሊዝ የጤና ሚኒስትር ማክሊዮድ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ስለዚሁ አደጋ ሲናገር ሲጃራ በላይ በላዩ ያጨስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጋዜጠኛ ስለ ትምባሆ አዲስ ምርመራ በጻፈ ቍጥር፥ ሚዛን የጠበቀ መስሎት የኩባንያዎቹን ቃል አጠገቡ ያኖር ነበር። አንባቢውም ሁለቱን ቃል በእኩል ቦታ ታትመው ስላየ እኩል መሰሉት። በአገራችን የቆየ የሙግት ሥርዓት ግን ምስክር ሲቀርብ ባላጋራው ዝምድናውንና ጥቅሙን አንሥቶ ሊነቅፈው ይችላል። በትርጓሜ ቤትም መምህሩ «አንድም» ብሎ ሁለተኛ ትርጓሜ ሲያመጣ ከማስረጃ ጋር ያመጣዋል፤ ማስረጃ የሌለውን «አንድም» ደቀ መዝሙሩ ራሱ አይቀበለውም። ጋዜጣው ያተመው «አንድም» ማስረጃው ደመወዝ ነበረ።

ጥር 11 ቀን 1964 የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም ሉተር ቴሪ፥ አማካሪዎቹ ከ7 ሺህ የሚበልጡ ጽሑፎችን መርምረው የደረሱበትን ፍርድ አወጀ። ቀኑ ቅዳሜ እንዲሆን የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ነገሩ በእሑድ ጋዜጦች ሁሉ ጐልቶ እንዲወጣ ነው። በዚህ ጊዜ የሊቃውንቱ ቍጥርና የጋዜጣው ድምፅ ተባበሩ። ነገር ግን ከ1950 እስከዚያ ድረስ 13 ዓመት አልፏል፤ በእነዚያም ዓመታት ስንት ወጣት «ገና አልተረጋገጠም» የሚለውን አንብቦ ሲጃራ ለኩሷል። በ2004 የሐኪሞቹ የ50 ዓመት ክትትል ሲታተም፥ ሲያጨሱ የኖሩት ካላጨሱት 10 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ፥ በ50 ዓመቱ የተወ ግን ከአደጋው እኩሌታውን እንደሚያመልጥ ተገለጠ። በ2006 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ኩባንያዎቹ ሕዝቡን ለብዙ ዘመን ሲያታልሉ እንደ ኖሩ ፈረደ።

እንግዲህ መጽሔት ያለ ጋዜጣ በሣጥን እንደ ተቈለፈ መድኃኒት ነው፤ ጋዜጣም ያለ መጽሔት መጠኑ እንዳልተነገረ መድኃኒት ነው። ስለ ደዌ የሚወራ ነገር በጋዜጣ ያነበበ ሰው ስንት ሰው ተጠየቀ፥ ከማን ጋር ተነጻጸረ፥ የሚቃወመውስ ቃል ደመወዙን ከማን ይቀበላል ብሎ ይጠይቅ። ይህን ሦስት ጥያቄ ለመጠየቅ ሐኪም መሆን አያሻም፤ ምስክር መመርመር የሚያውቅ ሽማግሌ ይበቃል።