የእንግሊዝኛ ኃላፊ ጊዜያት ትምህርት በሀዋሳ

የእንግሊዝኛ ኃላፊ ጊዜያት ትምህርት እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ ለሚማሩ ሰዎች ያለፈን ድርጊት የሚገልጹ የግሥ ቅርጾችን የማስተማርና የመማር ሂደት ነው። በሀዋሳ ከተማ ተማሪዎች ወደ እንግሊዝኛ የሚመጡት ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛ ወይም ሌላ የአገር ቋንቋ ይዘው ነው። እነዚህ ቋንቋዎች ያለፈን ጊዜ የሚገልጹበት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ስለዚህ ችግሩ የሚነሣው በአብዛኛው አንዱ ቋንቋ ለይቶ የሚያየውን ሌላው በአንድ ቅርጽ ስለሚጠቀልለው ነው።

ዳራ

ሀዋሳ ቀድሞ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ነበረች። የሲዳማ ክልል በ2012 ዓ.ም. ሲመሠረት ደግሞ የዚሁ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። በቀድሞው የደቡብ ክልል ለማስተማሪያነት ያገለገለው ቀደም ብሎ ከ5ኛ ክፍል ነበር።

በዚህ ምክንያት ኃላፊ ጊዜን አለመለየት ጉዳቱ በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ብቻ አይቀርም። በታሪክ ምንባብ የትኛው ድርጊት እንደቀደመ፣ በቤተ ሙከራ ዘገባም ምን እንደተሠራ የሚታወቀው በግሡ ቅርጽ ነው።

ዋና ዋና ቅርጾች

ሲምፕል ፓስት፦ በታወቀ ጊዜ ተፈጽሞ ያለቀ ድርጊትን ይገልጻል። «ሄደ» ለሚለው «ዌንት» ይባላል።

ፕረዘንት ፐርፌክት፦ ያለፈን ድርጊት ከአሁን ጋር ያያይዛል። «ሄዷል» ለሚለው ቅርብ የሆነው «ሃዝ ጎን» ነው። በሰዋስው ከአሁን ጊዜ ቢመደብም ከኃላፊ ጊዜያት ጋር እየተነጻጸረ ይሰጣል።

ፓስት ፐርፌክት፦ ከሌላ ያለፈ ድርጊት በፊት የሆነን ድርጊት ያመለክታል። «ሄዶ ነበር» ለሚለው «ሃድ ጎን» ይባላል።

ፓስት ኮንቲኒዩስ፦ ባለፈ ጊዜ በመካሄድ ላይ የነበረን ድርጊት ይገልጻል። «እየሄደ ነበር» ለሚለው «ዎዝ ጎይንግ» ይባላል። የቀድሞ ልማድን የሚናገረው «ይሄድ ነበር» ግን ብዙውን ጊዜ «ዩዝድ ቱ ጎ» ነው።

ከአማርኛ ጋር ያለው ልዩነት

የ«ሄደ» እና የ«ሄዷል» አሉታ አንድ ነው፤ ሁለቱም «አልሄደም» ይሆናሉ። እንግሊዝኛ ግን «ዲድ ኖት ጎ» እና «ሃዝ ኖት ጎን» ብሎ ይለያቸዋል። እንዲሁም በአማርኛ «ትናንት መጥቷል» ማለት ይቻላል። በእንግሊዝኛ ፕረዘንት ፐርፌክት ትናንትን ከመሰለ ያለቀ ጊዜ ጋር አይሄድም።

«ትናንት መጥቼ ነበር» የሚለውን ቃል በቃል የሚመልስ ተማሪ «ሃድ» ይጨምራል። የሚነጻጸር ሌላ ያለፈ ድርጊት ከሌለ ግን ትክክለኛው ሲምፕል ፓስት ነው።

የአማርኛ ኃላፊ ቅርጽ ሁልጊዜ ያለፈን ጊዜ አያመለክትም። ሲጠሩት «መጣሁ» የሚል ሰው ገና በመነሣት ላይ ነው፤ «ገባኝ» የሚልም አሁን ስለ ተረዳው ነገር ይናገራል። «ተኝቷል» እና «ለብሷል» አሁን ያለ ሁኔታን ይገልጻሉ። እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ በአሁን ጊዜ ይነገራሉ።

በጥያቄና በአሉታ ጊዜውን የሚይዘው «ዲድ» ስለሆነ ዋናው ግሥ ወደ መነሻው ይመለሳል። በአማርኛ «ሄድክ?» ሲባል ግሡ ራሱ ጊዜውን እንደያዘ ይቀራል። «ዲድ ዩ ዌንት» የሚለው የተለመደ ስሕተት ከዚህ ጋር ይያያዛል።

የጋራ ባሕርይ

አማርኛ ከሴማዊ፣ ሲዳምኛ ከኩሻዊ፣ ወላይትኛ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ይመደባሉ። ሦስቱም ግን ማሰሪያ አንቀጽን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ያስቀምጣሉ፤ ከእርሱ በፊት የሚመጡትን ድርጊቶችም በቦዝ አንቀጽ ያያይዛሉ። «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ሄደ» በሚለው ጊዜውን የሚወስነው «ሄደ» ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ታሪክ ሲተረክ ግን አራቱም ግሦች ኃላፊ ጊዜ መሆን አለባቸው።

አጠራርና አጻጻፍ

በመደበኛ ግሦች መጨረሻ የሚጨመሩት «ኢ» እና «ዲ» የተባሉ ፊደላት ሦስት አጠራር አላቸው። «ዎክት» ላይ እንደ «ት»፣ «ፕሌይድ» ላይ እንደ «ድ»፣ «ዋንቲድ» ላይ እንደ «ኢድ» ይሰማሉ። በመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ሁሉንም «ኢድ» ብሎ ሊያነባቸው ይችላል። ወደ 200 የሚጠጉ ግሦች ደግሞ ከዚህ ደንብ ውጭ ናቸው። ተማሪ «ቶት» በማለት ፈንታ «ቲችድ» ሲል ደንቡን መያዙን ያሳያል፤ ሕፃናት እንግሊዝኛን አፍ ሲፈቱበትም ይህን ያደርጋሉ።

የማስተማሪያ ዘዴዎች

በሰሌዳ ላይ የጊዜ መስመር መሣል የተለመደ ዘዴ ነው። ተማሪው «መቼ?» ለሚለው ያለቀ ጊዜ ከመለሰ ሲምፕል ፓስትን ይመርጣል። «ሃድ» ከመጻፉ በፊትም «ከየትኛው ያለፈ ድርጊት በፊት?» ብሎ ይጠይቃል። የውሎ ትረካ የቦዝ አንቀጽን ልማድ ለማረም ይጠቅማል፤ ተማሪው በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ የተናገረውን በእንግሊዝኛ እያንዳንዱን ግሥ ለይቶ ይጽፋል።

ሮጀር አንደርሰንና ያሱሂሮ ሺራይ የሚታወቁበት መላምት እንደሚለው፣ ተማሪዎች ኃላፊ ጊዜን ቀድመው የሚጠቀሙት እንደ «ደረሰ» እና «ሰበረ» ባሉ ወዲያው በሚያልቁ ድርጊቶች ላይ ነው። እንደ «ወደደ» እና «አወቀ» ያሉት ሁኔታ ገላጭ ግሦች ዘግይተው ይከተላሉ። በዚህም መሠረት እነዚህኞቹ ግሦች ተጨማሪ ልምምድ ያስፈልጋቸዋል።