ጥያቄው የማን ነበር? ከአራት ኪሎው የመግነጢስ መለኪያ እስከ ሳተላይቶቻችን

የመድበሉ አዘጋጆች «ታሪክ ነክ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ ስለ ሕክምና ትምህርት ታሪክ እጽፋለሁ ብለው ጠብቀው ይሆናል። እኔ የመረጥኩት ግን የአገራችን የስፔስ ሳይንስ ሥራ እንዴት እየተመራ እዚህ እንደ ደረሰ ነው። ሐኪም ስለ ሳተላይት ምን አገባት የሚል አይጠፋም። የሚያገባኝን ወደ ታች እመጣበታለሁ፤ ለጊዜው ይህን ያህል ልበል፦ ከሆሳዕና ወደ ጊቤ ቆላ ሲወረድ ያለ ጤና ጣቢያ ወባ በየትኛው ወር እንደሚበረታበት ቀድሞ ማወቅ ቢችል፣ የዚያ እውቀት አንዱ ክፍል የሚመጣው ከምሕዋር ነው።

ብዙ ሰው ታሪኩን የሚጀምረው ከመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ነው። እኔ ስልሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ልሂድ። መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን አመጠቀች። ጊዜው ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነበር፤ ከ60 በላይ አገሮች ምድርንና በዙሪያዋ ያለውን ጠፈር በአንድ ፕሮግራም ለመመዝገብ የተስማሙበት ዘመቻ ማለት ነው። ስሙ «ዓመት» ይባል እንጂ ከ1949 ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ 1951 ድረስ 18 ወር ዘልቋል። ኢትዮጵያም ነበረችበት። በአራት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዋን የመግነጢስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። ለምን አዲስ አበባ ቢባል፣ ከተማዋ ከምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ስለሆነች ነው። በዚህ መስመር ላይ፣ ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ይህን ጅረት ለማጥናት የሚመች ቦታ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም፤ ከጥቂቶቹ አንዱ የእኛ ሰማይ ነው።

ሥራው በሥርዓት ተመርቷል። መሣሪያው ሳይቋረጥ ይመዘግባል፣ መዝገቡ ይጠበቃል፣ ውጤቱ ለዓለም ይደርሳል። የሳይንስ ፕሮግራም መምራት ማለት በአብዛኛው ይኸው ነው፤ እንደ ሮኬት አይታይም እንጂ። ጥያቄው ግን ከውጭ የመጣ ነበር። ዓለም ስለ ሰማያችን ሊያውቅ የፈለገው ነገር ነበረው፤ እኛም ቦታውን ሰጠን።

እዚህ ላይ ሐኪምነቴ ይነሣብኛል። ያው ዘመቻ ሳያበቃ፣ ከ1950 ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 መጀመሪያ ባሉት ወራት፣ ኢትዮጵያን አስፈሪ የወባ ወረርሽኝ መታት። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። የተመታው በአብዛኛው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለው አገር ነው፤ ወባ እምብዛም የማይለመድበት፣ የሕዝቡም ሰውነት ያልተለማመደው። በኋላ ጉዳዩን ያጠኑት ሰዎች ዋናውን ምክንያት ያገኙት ከወትሮው የተለየ ዝናብ፣ ሙቀትና እርጥበት ላይ ነው። ሆሳዕና ከዚህ ከፍታ ጥቂት በላይ ተቀምጣለች፤ ብዙ የሐዲያና የከምባታ ቀበሌዎች ግን እዚያው መካከል ናቸው።

እንግዲህ አስቡት። አራት ኪሎ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ያለውን ጅረት የሚለካ መሣሪያ ነበረን። የዝናቡንና የሙቀቱን አካሄድ በየወረዳው ተከታትሎ «ዘንድሮ ተጠንቀቁ» የሚል ግን አልነበረም። ይህን የምለው የመግነጢስ አጥኚዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ያን ጥያቄ ያቀረበላቸው አካል የለም። ስለ ስፔስ ፕሮግራም አመራር ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደዚህ የሁለት ክስተቶች መገጣጠም ነው።

አባ ጉዋን ራሳቸው በመግነጢሱ ብቻ አለመቆማቸው ደግሞ መነገር አለበት። የመሬት መንቀጥቀጥንም መመዝገብ ያዙ። በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ካራ ቆሬ አካባቢ መሬት ሲናወጥና የማጀቴ ከተማ ስትወድም ኦብዘርቫቶሪው ነበረ። ከዚያም ዓመታት ፈጅተው የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አወጡ። የዓለምን ጥያቄ ይዞ የተከፈተ ጣቢያ የአገሩን ጥያቄ ወደ መመለስ ተሻገረ ማለት ነው። ያ ሥራ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሆኖ ቀጥሏል። በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሌሎች እንግዶችም መጥተው ነበር። የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ሳተላይቶችን የሚከታተል ቤከር-ነን የተባለ ትልቅ ካሜራ ደብረ ዘይት ላይ ተክሎ ነበር። በአስመራው ቃኘው ጣቢያ ደግሞ የሶቪየት መንኮራኩሮችን የሚያዳምጡ ግዙፍ አንቴናዎች ቆመው ነበር። ዓላማቸው ሲያበቃ ሄዱ። ከነሱ የቀረልን ብዙ የለም።

በራሳችን ስም የተጀመረው ሥራ የመጣው በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲመሠረት ነው። እነ ዶ/ር ለገሰ ወትሮ በእውቀታቸው፣ እነ አቶ ተፈራ ዋልዋ በአስተባባሪነታቸው ይጠቀሳሉ። የቦንጋው ተወላጅ የናሳው ሰው ዶ/ር ቅጣው እጅጉም ስማቸው በየትምህርት ቤቱ የሚነሣበት ዘመን ነበር። የሶሳይቲው ሰዎች መሳቂያ ሆነው እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል፤ እንጀራ ያልጠገበ አገር ምን ኮከብ ያስቆጥረዋል የሚል ነበር ነገሩ። እነሱ ግን ገፉበት። 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው እንጦጦ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ፤ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነውን ወጪ የሸፈኑት ባለሀብቱ ሼህ ሙሐመድ አል አሙዲ ናቸው። የከተማው መብራት ቅርብ መሆኑ ለኮከብ ተመልካች አይመችም፤ ስለዚህ ላሊበላ አካባቢ ያሉ ተራሮች ሲጠኑ ቆይተዋል።

መንግሥት በ2009 ዓ.ም. የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ETRSS-1 ሳይሆን በአማርኛ ልጻፈው፣ «ኢቲአርኤስኤስ-1» ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ መጠቀች። 70 ኪሎ ያህል የምትመዝን፣ የምድርን ገጽ የምታነሣ ሳተላይት ናት፤ ያኔ እንደተዘገበው ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሆነው ወጪዋ 6 ሚሊዮን ያህሉን የሸፈነችው ቻይና ነች። ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ሁለተኛዋ ተከተለች። በ2014 ደግሞ ኢንስቲትዩቱ ከጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ ማለትም ከድሮው የካርታ ሥራ ድርጅት ወራሽ ጋር ተዋህዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆነ። ውህደቱን አንዳንዶች አልወደዱትም። እኔ ጥሩ ውሳኔ ይመስለኛል፤ ካርታ ሠሪው ምስሉ ለማን እንደሚያስፈልግ ያውቃል።

ደስታው ትክክል ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኛል። የመጀመሪያዋ ሳተላይት የታቀደላት ዕድሜ ግን ሁለት ዓመት ነበር። ሁለት ዓመት ለሳይንስ ምንም ማለት አይደለም። አንድ ድርቅና አንድ ጥጋብ ሳይታይ ያልቃል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ሳተላይቷ ከመሠራቷ በፊትና ካለቀች በኋላ ነው።

ልምዱ ያላቸው አገሮች ይህን እንዴት ያደርጉታል? በአሜሪካ የሥነ ከዋክብት ሊቃውንት ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ይሰበሰባሉ፤ የሚቀጥለው አሥር ዓመት ዐበይት ጥያቄዎች የትኞቹ እንደሆኑ ተከራክረው በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ። የምድር ሳይንስ ሰዎችም እ.ኤ.አ. በ2007 የራሳቸውን የመጀመሪያ ሰነድ አውጥተዋል። ናሳ የሚያመጥቀውን በአብዛኛው የሚመርጠው ያን ሰነድ ተመልክቶ ነው። ለብዙ ተልእኮ ኃላፊ ሳይንቲስት አለ፤ ጥያቄው የእሱ ወይም የእሷ ነው፣ መልሱም ከእሱ ይጠበቃል። በሕክምና ጥናት ዋና ተመራማሪ እንደምንለው ማለት ነው። የገንዘቡ መጠን አይወዳደርም፤ አሠራሩ ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

አንድ የአመራር ውሳኔ ለእኛ ከብዙ ሮኬት በላይ ጠቅሞናል። ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምድርን ሲያነሡ ኖረዋል፤ ምስሉ ግን በመቶዎች፣ በአንድ ወቅትም በሺዎች ዶላር ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በነፃ ይሁን ተባለ። በዚህ ዓይነቱ ነፃ መረጃ ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ የእኛን አካባቢ በቀጥታ ይነካል።

ዝሆኔን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በደጋው ያለው ዓይነት ከትንኝ የሚመጣ አይደለም፤ በባዶ እግር በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት ከመሥራት የሚመጣ ነው። በሐዲያና በከምባታ ተረኛ ሐኪም ሆኖ ያላየው የለም። ታማሚው ከሠርግም ከለቅሶም ራሱን ይደብቃል፤ ዘር ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የመሩት አገር አቀፍ ጥናት በ1,315 መንደሮች 130,000 ያህል ሰው መረመረ። ከዚያ ያንን ውጤት ከመሬት ከፍታ፣ ከዝናብ፣ ከሙቀት፣ ከአፈር ዓይነትና ከዕፅዋት አረንጓዴነት ጋር አጋጠሙት፤ ከፍታውና አረንጓዴነቱ ከጠፈር የተለኩ ናቸው። ወደ 35 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በሽታው ሊኖርበት በሚችል መሬት ላይ እንደሚኖር ታወቀ፤ ጫማና የእግር እንክብካቤ የት እንደሚቀድምም ካርታ ተገኘ። ያንን ከፍታ የለካው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2000 ሲበር ስለ ዝሆኔ ያሰበ ሰው አልነበረም። መረጃው ክፍት ስለነበር ጥያቄ ያለው ሰው ደረሰበት።

የራሳችን ሳተላይት ለራሳችን ጥያቄ ብትሠራስ? እዚህ ጋ እንሰትን ላንሣ። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን የምስሏ አንድ ነጥብ 13.7 ሜትር በ13.7 ሜትር ነው፤ 188 ካሬ ሜትር ገደማ። በስንዴ አገር ይህ ይበቃል። በከምባታ ጓሮ ግን አንድ ነጥብ ውስጥ የጎጆው ጥግ፣ ጥቂት እንሰት፣ አንድ ሁለት የቡና እግር፣ ጎመኑም ይገባሉ። እንሰቱ በአጠውልግ በሽታ መመታቱን ከዚያ መለየት ይከብዳል። ሌላው ደመና ነው። በክረምት ሐምባሪቾ ተራራ ለሳምንታት ተሸፍኖ ይከርማል፤ በብርሃን የምታይ ሳተላይት የምታነሣው የደመናውን ጀርባ ነው። ደመናን አልፎ የሚያየው ራዳር ነው። ጥያቄው ከእንሰት አገር ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚመረጠው መሣሪያ ሌላ በሆነ ነበር፤ ምናልባትም ሳተላይት እንኳ ላይሆን፣ ብዙ የዝናብ መለኪያ ሊሆን ይችል ነበር።

ወደ ወባው ልመለስ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን 7.3 ሚሊዮን የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። በአማራ ክልል በተመረጡ ወረዳዎች የሳተላይትን የዝናብና የሙቀት መረጃ ከጤና ጣቢያ ሳምንታዊ ሪፖርት ጋር አጋጥሞ ወረርሽኝን ቀድሞ የሚተነብይ ሥራ ተሠርቶ ነበር። ያ ሥራ የራሱን ሳተላይት አላስፈለገውም። ያስፈለገው ሪፖርቱን በየሳምንቱ የሚሞላ ሰው፣ ሁለቱን መረጃ የሚያጋጥም ባለሙያና ውጤቱን ተቀብሎ አጎበርና መድኃኒት የሚያንቀሳቅስ ጽሕፈት ቤት ነው።

የጊቤን ቆላና የሾኔን አካባቢ ሳምንታዊ ሪፖርት እኛም እንሞላለን። ወባው ከመስከረም እስከ ኅዳር እንደሚበረታ ማንም ነርስ ይነግራችኋል፤ ክፉው ዓመት የትኛው እንደሚሆን ነው የማናውቀው። የእነዚያ ቀበሌዎች ዝናብ በሳተላይት የተመዘገበበት ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ መረጃ አለ። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ከሆስፒታሉ ጋር እዚያው ሆሳዕና ነው። ከመምህራኖቻችንና ከእናንተ መካከል ስታቲስቲክስ ወይም የሳተላይት ምስል ንባብ የያዛችሁ ካላችሁ በዚህ ዓመት የመገናኛ ቀን ላይ ፈልጉኝ። ዝናቡ ከጣለ በስንተኛው ሳምንት ቆላው እንደሚታመም፣ ደጋውስ በየትኛው ዓመት አብሮ እንደሚያዝ፣ ከእነዚያ መዝገቦች መጀመር ይቻላል።