ቀንበርና ሕልም

እ.ኤ.አ. በ1953 መገባደጃ ላይ ስፔናዊው የፊልም አዘጋጅ ሉዊስ ቡኙኤል በሜክሲኮ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተገኝቶ ንግግር አድርጎ ነበር። ርእሱ ፊልም የግጥም መሣሪያ ስለ መሆኑ ነው። ሰውየው ከሠዓሊው ሳልቫዶር ዳሊ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1929 ባወጣው አጭር ፊልም ሱሪያሊዝም የተባለውን የኪነ ጥበብ እንቅስቃሴ በፊልሙ ዓለም ካስታወቁት አንዱ ነውና፣ ዝናውን ብቻ የሰማ አድማጭ ከምድራዊው ኑሮ የሸሸ ቅዠት ሲሰብክ ለመስማት ቢዘጋጅ አያስደንቅም። የተናገረው ግን ሌላ ነው።

የሰውን የሕልም አሠራር ከሁሉ ይበልጥ የሚመስለው ጥበብ ፊልም ነው አለ። በጨለማው ውስጥ ምስል ብቅ ይላል፣ ይደበዝዛል፤ ጊዜና ቦታም እንደ ተፈለገው ይረዝማሉ፣ ያጥራሉ። ይህን ያህል ኃይል የተሰጠው ጥበብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለፈውን ክፍለ ዘመን ልብ ወለድና ቴአትር ከመድገም አላለፈም ሲል ወቀሰ። በኢጣልያ ገንኖ የነበረውን አዲሱን የእውነታዊነት ስልትም ጎዶሎ ነው አለው፤ ለዚያ ስልት ብርጭቆ ብርጭቆ ነው፣ ለሚመለከተው ሰው ግን ያው ብርጭቆ እንደ ልቡ ሁኔታ ብዙ ነገር ይሆናል። ለቅዠት ብቻ የቆመ ፊልም እንደማይሻ ካስረዳ በኋላ በንግግሩ ማብቂያ ላይ የጠራው ምስክር ደግሞ ፍሬድሪክ ኤንግልስን ነው! ደራሲ እውነተኛውን የኅብረተሰብ ግንኙነት በመግለጽ፣ ያለው ሥርዓት ዘላለማዊ ነው የሚለውን እምነት ማናጋት አለበት የሚለውን ሐሳብ የራሱ አደረገው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በየውይይት ክበቡ ኤንግልስን ያጠናን ሰዎች፣ ሕልምን ከንዑስ ከበርቴ ቅንጦት ስንቆጥር ይህን ምስክርነት የነገረን አልነበረም።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጎንደር ተወልዶ ያደገው ኃይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረበት ጊዜ፣ የዘውዱ ሥርዓት በፈረሰበት ዓመት በ1974 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸ። ኃይሌን ሱሪያሊስት ብሎ መፈረጅ ስሕተት ነው፤ ከቡኙኤልም ቀዳ ለማለት አልደፍርም። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብን ድካም በገበሬው ቀን ልክ፣ ሳይቸኩል ይከተላል። በዚያ ሁሉ እውነታ መካከል ግን አንድ ሕልም አለ፤ ሰዎቹ እንደ በሬ ተጠምደው ያርሳሉ።

በዚህ ሕልም ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። «ቀንበር» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን በየአዳራሹና በየሰልፉ ስንት ጊዜ ተጠራ? የፊውዳል ቀንበር፣ የኢምፔሪያሊዝም ቀንበር እየተባለ ከመደጋገሙ የተነሣ ክብደቱ ጠፋ፤ አድማጩ ቃሉን ሲሰማ ጭብጨባ እንጂ እንጨት አይታየውም። «ማነቆ»ም እንዲሁ የሪፖርት ቃል ሆኖ ቀረ። ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዱርቤቴ ዙሪያ የሚያርስ ገበሬ ግን ቀንበር ትከሻ እንደሚልጥ፣ ማነቆ አንገት እንደሚይዝ ያውቃል። የኃይሌ ሕልም ያደረገው ነገር ቢኖር ቃሉን ቃል በቃል መውሰድ ነው። ሰው ሥራ ላይ ተጠመደ እንላለን፤ እርሱም ጠምዶ አሳየን። ክብደቱ ለቃሉ ተመለሰለት።

አንዳንድ ሐያስያን ይህን ዓይነቱን ምስል ከሰምና ወርቅ ጋር ወዲያው ያዛምዱታል። ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት አገር ይህን ማለት ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ቅኔው ሲፈታ ወርቁ ይገኛል፤ ነገሩም ያበቃል። ቡኙኤል እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣው፣ ስለ ሜክሲኮ ከተማ ድኾች ልጆች በሚተርከው ፊልም ውስጥ አንድ ልጅ በሕልሙ እናቱ ጥሬ ሥጋ ይዛ ስትቀርበው ያያል፤ ያ ሥጋ ረኀብ ይሁን የእናት ፍቅር ናፍቆት ለይቶ መፍታት አይቻልም። የኃይሌ ቀንበር በዚህ ሚዛን ከታየ ለቅኔው ይቀርባል፣ ፍቺው ግልጽ ነውና። እኔ ግን ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም።

አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። በጎጃም በአብዛኛው የሰፈነው የርስት ሥሪት ስለ ነበር፣ በፊልሙ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚያዘው ባለ መሬት ለአቸፈር ገበሬ የራሱ ጌታ ላይመስለው ይችላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም በሁለቱ ዘንድ እኩል ትርጉም አልነበረውም። በሬውንና ቀንበሩን ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

ኃይሌ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አስተማረ። በዚያው ግቢ፣ በፓሪስ ከሱሪያሊስቶች ጥበብ ጋር የተዋወቀውና የክታብን ምስል በሸራ ላይ ያዋለው እስክንድር ቦጎሲያን ሥዕል ያስተምር ነበር። ሕልምን የጥበባቸው መሣሪያ ያደረጉ ሁለት ኢትዮጵያውያን በአንድ ግቢ ሲያስተምሩ፣ በአገር ቤት በዚያን ጊዜ የሚጠየቀው የጀግና ሠራተኛ ሥዕል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው «ጤዛ» ኃይሌ ወደ ጣና አካባቢ ተመለሰ። በዚህኛው ፊልም ግን የሚቃዠው ገበሬ አይደለም፤ በጀርመን የተማረው፣ በዚያም በደርግ ዘመን አገሩም መከራ ያየው አንበርብር ነው። ሕልሙ ከአራሹ ወደ ምሁሩ ተዛወረ። ምሁሩ የገዛ ራሱን ቁስል ሲያይ እንከተለዋለን፤ ልጇን ጎጆዋ ውስጥ ተቀብላ ሌሊት ሲባንን የምትሰማው እናት በበኩሏ ምን እንደምታልም ግን ለማወቅ እጓጓለሁ።