የፈውስ አዳሪ ትምህርት ቤት፦ የስያሜው ፍቺና ምሥጢር

በሰቆጣ ዙሪያ ባለው የዋግ ደጋ የሚኖር ገበሬ በክረምት ማሳውን ሲያርም እጁ የሚነቅለው አረሙን ነው፤ ገብሱንማ ሥሩ እንዳይናጋበት በጣቱ መካከል እያሳለፈ ይንከባከበዋል። ብራና የሚያርም ጸሐፊም የተሳተውን ፊደል ፍቆ ያቀናል እንጂ መጽሐፉን አይቀድም። «ማረም» እንዲህ ያለ የርኅራኄ ግስ ሆኖ ሳለ፣ ወህኒው «ማረሚያ ቤት»፣ እስረኛውም «ታራሚ» መባል ከጀመሩ ወዲህ ግን በሰሚው ጆሮ አረሙ ሰውየው ራሱ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የመጣውን «ቴራፒዩቲክ ቦርዲንግ ስኩል» የተባለውን ስያሜ ወደ አማርኛ ስንመልስ፣ የምንመርጠው ቃል በዚያ ቤት የሚያድረው ልጅ በሰው ዓይን ማን ተብሎ እንደሚታይ የሚወስን መሆኑን አስቀድመን ልናስተውል ይገባናል።

ነገሩ ይህ ነው። አንድ ወንድ ልጅ ዐሥራ ሦስት ወይም ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ከትምህርቱ ተለይቶ፣ ከወላጆቹ ተጣልቶ፣ በመጠጥ ወይም በጫት ተይዞ፣ ወይም ያየው መከራ በልቡናው ታምቆ በቁጣ እየገነፈለ ቤተሰቡን ያስጨነቀ እንደሆነ፣ እያደረ መደበኛውን ትምህርት የሚማርበት፣ ከዚያም ጋር የሥነ ልቡና ባለሙያ ሕመሙን የሚያስታምምበት ቤት በዚህ ስም ይጠራል። ልጁ በአብዛኛው የሚገባው በወላጆቹ ፈቃድ እንጂ በዳኛ ፍርድ ስላልሆነ ቤቱ ወህኒ አይደለም፤ ትምህርቱ ስለማይቋረጥም ሆስፒታል ሊባል አይችልም።

«ቴራፒ» የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን በጥንት ፍቺው ማገልገልን፣ በሕሙም ራስጌ ተቀምጦ መርዳትን ያመለክት ነበር። እኛም «ማስታመም» የሚል ከዚህ የማያንስ ቃል አለን። ሆኖም «የማስታመሚያ ትምህርት ቤት» ብንል ሰሚው የሚያስበው አልጋና መድኃኒት ብቻ ይሆናል፤ «ተሐድሶ» ብንልም ቃሉ በቤተ ክህነትም በፖለቲካም ሌላ ትርጓሜ ተሸክሟል። በግእዝ «ፈወሰ» ማለት አዳነ ማለት ነው፤ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው የንስሐ ቀኖና መጽሐፍም «ፈውስ መንፈሳዊ» ተብሎ መሰየሙ አባቶቻችን ጥፋትን እንደ ደዌ፣ ቀኖናን እንደ መድኃኒት፣ የንስሐ አባትንም እንደ ባለመድኃኒት ያዩ እንደነበር ይመሰክራል። ስለዚህ «የፈውስ አዳሪ ትምህርት ቤት» የሚለውን ስያሜ አቀርባለሁ፤ ማደሩንም፣ መማሩንም፣ መዳኑንም በአንድነት ይዟልና።

ነገሩ ለዋግ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን ከዐለት ፈልፍሎ ያቆመ አገር፣ ልጅን ከእናቱ ጓዳ አውጥቶ በጎጆ እያሳደረ ማስተማርን ከጥንት ያውቃል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ፣ ከየኔታ እግር ሥር ዳዊቱን ሲደግምና ዜማውን ሲያጠና፣ የቀደመው የተከተለውን እያስቀጸለ፣ ቁጡው ትዕግሥትን፣ ትዕቢተኛውም ትሕትናን ከኑሮው ይማር ነበር። የምንኩስና ሥርዓት ሰውን ወጣኒ፣ ማእከላዊና ፍጹም ብሎ በደረጃ እንደሚያሳድግ ሁሉ፣ የዛሬዎቹ የፈውስ ትምህርት ቤቶችም ብዙዎቹ ልጁን በደረጃ እያሳደጉ ነፃነቱን ቀስ በቀስ ይመልሱለታል።

ነገር ግን እውነቱን ሸሽገን ብናልፍ ለልጆቹ አንጠቅማቸውም። ከየኔታ የኮበለለ ተማሪ በእግር ብረት የታሰረበት፣ በጠበል ስፍራም አእምሮው የታወከ ሕሙም በሰንሰለት የተያዘበት ጊዜ ነበር። በአሜሪካም፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከተቋቋመው «ሲዱ» ከተባለው ትምህርት ቤት አንሥቶ የተስፋፉት ቤቶች፣ ልጆችን በማዋረድና በማግለል ስለተከሰሱ፣ ብዙዎቹ የሚገኙበት የዩታ ግዛት በ2021፣ የአገሪቱም ምክር ቤት በ2024 ሕግ እስከ ማውጣት ደረሱ። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውስትርያ አስቸጋሪ ወንዶች ልጆችን በአዳሪ ቤት ያሳደገው አውጉስት አይኽሆርን፣ እጅግ ጠበኞቹን ለይቶ፣ አሳዳጊዎቹ ቁጣን በቁጣ እንዳይመልሱ ባዘዘ ጊዜ፣ ልጆቹ መስኮቱንና ዕቃውን ሰብረው ሰባብረው፣ የሚቀጣቸው ሲያጡ እያደር ልባቸው እንደለዘበ በ1925 ባሳተመው መጽሐፉ አስረድቷል።

የአገራችን ሕግም ወደዚሁ መንገድ ያመለክታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት እንዲጠበቁ፣ ወጣት አጥፊዎችም ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉ አጥፊዎች በ158ኛው አንቀጽ ሕክምና ወደሚያገኙበት፣ በ162ኛው አንቀጽ ጠባያቸውን ወደሚያርሙበት ተቋም የሚገቡበትን ሥርዓት ለያይቶ አስቀምጧል። ሕጉ ከአጥፊዎች መካከል እንኳ ሕሙሙን ከለየ፣ ፍርድ ቤት ያልደረሰውን፣ ያዘነና የተቆጣ እንጂ ወንጀል ያልሠራውን ልጅ እኛ በየትኛው አንደበት «ታራሚ» እንለዋለን?

ይህ ለዋግ ኽምራ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣና አካባቢዋ ሲናጡ፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂም ሕዝቡ ሲፈናቀል፣ ያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ወንዶች ልጆች ዛሬ ጉርምስና ላይ ደርሰዋል። የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. የታወጀው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም እንደተጠራ ሁሉ፣ የተጎዳ ልቡናን የማስታመም ነገርም ከዚሁ ደጋ ቢነሣ የተገባ ነው።

እንግዲህ ልጃችሁን ወደዚህ ዓይነት ቤት ለመስደድ የምታስቡ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ስሙን ሰምታችሁ ብቻ አትመኑ። የሚያስታምመው ሰው ማን እንደሆነ፣ ልጁ ቢበደል አቤት የሚለው ለማን እንደሆነ፣ ወደ ቤቱ የሚመለስበትም ቀን መቼ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በትር ያለበትን፣ ልጅም የእናቱን ድምፅ እንዳይሰማ የሚከለከልበትን ቤት ግን የፈውስ ትምህርት ቤት ብላችሁ አትጥሩት።