የእንጦጦ ዳገትና የካዛንቺስ ምድጃ

ባለፈው ሰሞን እንጦጦን በእግሬ ወጣሁ። ከካዛንቺስ ተነስቶ፣ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አድርጎ፣ ሽሮ ሜዳን አልፎ እንጦጦ ማርያም መድረስ ሃምሳን ለተሻገረ ጉልበት ቀልድ አይደለም። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ልቤ ስትደልቅ አብሮኝ የወጣው ወጣት፣ «አይዞህ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስፖርት ነው!» አለኝ።

ለእሱስ ስፖርት ነው። ምኒልክ ግን በ1870ዎቹ እዚያ ላይ የከተሙት ጠላትን አሻግሮ ለማየት ስለሚመች ነበር። ችግሩ፣ ለምሽግ የሚመች ቦታ ለኑሮ አልመች አለ፤ ብርዱ አይጣል ነው፣ ማገዶውም ሳሳ። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደዱ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት እንጦጦ ማርያም ቢሆንም ከተማው ወደ ታች ማዘንበሉን አልተወም። የማገዶ እጦቱም አብሮ ወረደ። መዲናዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከዚህ የገላገላት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቤተ መንግሥቱ ወረደ፣ ድኻው ግን ዳገቱን መውጣት አላቆመም። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ በዚያች ባለ ጣልያን ስም ሰፈር እንጀራ የሚጋገረው በእንጦጦ ቅጠል ነበር። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ያመጡታል፤ እናቴ ዋጋ ትከራከራለች፤ እኔ ጭራሮ እሰባብራለሁ። «ከየት አመጣችሁት? እንዴትስ ወጣችሁ?» ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። በኋላ ተማሪዎቼን ስለ ነገሥታቱ ሳስተምርም እነዚህን ሴቶች አላነሳኋቸውም።

በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ተከፈተ፤ ዳገቱ መዝናኛ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ለልማት ፈረሰች፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። ከላይ ሆኜ የማውቀውን ጣሪያ ፈለግሁ፤ አጣሁት።

ስንወርድ አንዲት እናት ከቁመታቸው የሚረዝም ጭነት ተሸክመው አገኘን። ወጣቱ መንገድ ለቀቀና፣ «እማማ፣ ትንሽ ላሳርፍዎት?» አላቸው።

«ተወው ልጄ፤ ካወረድኩት ማን መልሶ ያሸክመኛል?» አሉት።

ከዚያ በኋላ እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ስለ ስፖርት አላወራንም።