ቀሰም የሌለው ኦርኪድና የሚታለለው የዱር ንብ

ስለ ንብ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው ቀፎና ማር ነው። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ከ20 ሺህ በላይ የንብ ዝርያዎች መካከል ማር የሚያከማቹት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ አውራም ሠራተኛም የላቸውም። አንድሬና የሚባሉት የዱር ንቦች ከእነዚህ ወገን ናቸው። እንደ ጣዝማ በመሬት ውስጥ ጎጆ ይሠራሉ፤ ጣዝማ ግን በኅብረት የምትኖር ባለ ማር ስትሆን፣ የአንድሬና ሴት ብቻዋን ጉድጓድ ቆፍራ፣ የአበባ ብናኝ በቀሰም ለውሳ ለእጮቿ ስንቅ ታኖራለች።

በደቡብ እንግሊዝ የኖራ አፈር ባላቸው የግጦሽ መስኮች የሚበቅለው የሸረሪት ኦርኪድ ዘር ለማፍራት ከእነዚህ ንቦች በአንዱ ዝርያ ላይ ይመካል። በሚያዝያ ወር አካባቢ የሚያብበው ይህ አበባ ለንቡ የሚከፍለው ቀሰም የለውም። የሚያመጣው በማታለል ነው። ቡናማና ጸጉራም የሆነው የታችኛው የአበባ ቅጠል የንብ ገላ ይመስላል፤ ከመልኩ ይልቅ የሚደንቀው ግን ሽታው ነው። በ1999 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከአበባው የሚወጡት ሰም መሰል ውህዶች በሴቷ ንብ ገላ ላይ ከሚገኙት ጋር ይመሳሰላሉ።

ወንዱ ንብ ሴት ያገኘ መስሎት አበባውን ያቅፋል። በዚያች ቅጽበት የብናኝ እሽጎች በራሱ ላይ ይጣበቃሉ። የኦርኪድ ብናኝ እንደ በቆሎ ብናኝ ነፋስ የሚበትነው ዱቄት ሳይሆን አንድ ላይ የተቋጠረ ነው፤ ስለዚህ የአንድ ንብ ጉዞ ቢከሽፍ እሽጉ በሙሉ ይባክናል። ወንዱ የተታለለበትን አበባ ሽታ ለይቶ ይሸሻል። ሆኖም የእያንዳንዱ አበባ ሽታ በጥቂቱ ስለሚለያይ ወደ ሌላው ሄዶ ዳግመኛ ይታለላል፤ ብናኙም ወደ ሌላ ተክል ይደርሳል። ብናኝ የተቀበለው አበባ በበኩሉ ሽታውን ይለውጣል። አዲሱ ሽታ ተራክቦ የፈጸመች ሴት ንብ የምታወጣውን ውህድ የያዘ በመሆኑ ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ ሌሎች አበቦች ያዞራሉ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ጊዜው ከገጠመ ብቻ ነው። ወንዶቹ ከሴቶቹ ቀድመው ከመሬት ይወጣሉ፤ ኦርኪዱም ማበብ ያለበት በዚያ አጭር ክፍተት ነው። እውነተኛዋ ሴት ከወጣች በኋላ አበባውን የሚሻ ወንድ ጥቂት ነው። ከ1848 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሰበሰቡ ናሙናዎችን መርምሮ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አሳሳቢ ውጤት አሳይቷል። የጸደይ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጨምር ኦርኪዱ 6 ቀን ገደማ ቀድሞ ያብባል፤ ወንዶቹ 9 ቀን ገደማ፣ ሴቶቹ ደግሞ ከ15 ቀን በላይ ቀድመው ይወጣሉ። ክፍተቱ እየጠበበ ነው ማለት ነው።

የቅርብ ዘመዱ የሆነው የንብ ኦርኪድ በእንግሊዝ አገር በገዛ ብናኙ ዘር ስለሚያፈራ ይህ ሥጋት የለበትም። አንድሬናም ብትሆን ከብዙ ዓይነት አበቦች ስለምትቀስም ኦርኪዱ ቢጠፋ አትጎዳም። ጉዳቱ የሚያርፈው በአታላዩ ላይ ነው።

የአየር ጠባዩን አንድ ባለ ይዞታ ሊለውጠው አይችልም፤ የግጦሹ አያያዝ ግን በእጁ ነው። በሱሴክስ ግዛት ካስል ሂል በተባለ ጥብቅ ስፍራ ለረጅም ዓመታት በተደረገ ክትትል፣ የቀንድ ከብት ግጦሽ ቀርቶ በጎች ከአበባው ወቅት ውጪ እንዲግጡ ከተደረገ በኋላ የኦርኪዱ ቁጥር ጨምሯል። በጎቹ ሣሩን ያሳጥሩታል፤ ኦርኪዱ በሚያብብበት ጊዜ ግን ከመስኩ ይወጣሉ።